የዶሮ ምርት ንጽሕና በዓይን አይለይም

ዶሮ ገዥ የራሱ የመመርመሪያ ዘዴ አለው። በሕይወት ያለች ዶሮ ከሆነች በእጁ አንሥቶ ክብደቷን ይገምታል፤ ደረቷን ይዳብሳል፤ ዓይኗንና አፍንጫዋን ያያል። ታርዳና ታሽጋ በሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠች ከሆነች የሥጋዋን ቀለም ይመለከታል፤ ያሸታል። እንቁላል ሲሆን ወደ ብርሃን አቅንቶ ያየዋል፤ አለያም ውሃ ውስጥ ጨምሮ መንሳፈፍ አለመንሳፈፉን ይለያል። እነዚህ ዘዴዎች የታመመችን ዶሮ፣ የተበላሸን ሥጋና የቆየን እንቁላል ለመለየት ይጠቅማሉ። ሰውን ለሕመም የሚዳርጉትን ባክቴሪያዎች ግን አይለዩም።

በዶሮ ምርት አማካይነት ሰውን ከሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች መካከል ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱም የሥጋውን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም አይለውጡም። ሥጋ እንዲሸትና እንዲያሙለጨልጭ የሚያደርጉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። በመሆኑም ትኩስና ያማረ የሚመስል ሥጋ ብክለቱን ይዞ ሊገኝ ይችላል። መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የዶሮ ሥጋና እንቁላልን ከወተትና ከማር ጋር ዋና የትኩረት መስክ አድርጎ ወስዷል። ወጣቶችና ሴቶች ተደራጅተው የ45 ቀን ጫጩት ይረከባሉ፤ እንቁላል ጣይና የሥጋ ዶሮ ያረባሉ፤ ምርታቸውንም ለከተማ ሱቆች፣ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ያቀርባሉ። ቀድሞ አንድ ቤተሰብ በጓሮው ያረባትን ዶሮ አርዶ ቢበላና ችግር ቢከሰት ጉዳቱ በዚያው ቤት ይወሰን ነበር። ዛሬ ከአንድ ማርቢያ የወጣ ምርት በአንድ ቀን ብዙ ጓዳ ይገባል። ብክለትም ካለ አብሮ ይጓዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፤ 420 ሺህ ያህሉ ይሞታሉ። ከሟቾቹ 125 ሺህ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በአፍሪካ ብቻ በዓመት ከ91 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚታመሙና 137 ሺህ ያህል እንደሚሞቱ ድርጅቱ አስልቷል። ለተቅማጥ ሕመሞች ከሚጠቀሱት መንስኤዎች መካከል ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ይገኙበታል።

ጤነኛ የምትመስል ተሸካሚ

አርቢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ሳልሞኔላ አንድ ዓይነት አይደለም። ፑሎረምና ጋሊናረም የተባሉት ዓይነቶች ዶሮን ያጠቃሉ፤ ጫጩት ይፈጃሉ፤ ትልልቆቹንም በዶሮ ታይፎይድ ይገድላሉ። በሰው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን እምብዛም ነው። የሰው ታይፎይድ መንስኤ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሌላ የሳልሞኔላ ዓይነት በመሆኑ ከዶሮ አይመጣም።

ለሸማቹ አስጊ የሆኑት ኢንተሪቲዲስና ታይፊሙሪየም የተባሉት ናቸው። እነዚህ በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ሲኖሩ አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ምልክት አይታይባትም። ትበላለች፤ ትጠጣለች፤ እንቁላል ትጥላለች። ኢንተሪቲዲስ የእንቁላል ማፍሪያዋን ሲይዝ ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው እንቁላል ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡ የተበከለ ነው። ካምፒሎባክተርም እንዲሁ በዶሮ አንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያሳይ ይኖራል።

ስለዚህ “ዶሮዎቼ ጤነኞች ናቸው፤ አንድም አልሞተብኝም” የሚል አርቢ እውነቱን ነው፤ ንግግሩ ግን የምርቱን ንጽሕና አያረጋግጥም። በተመሳሳይ ምክንያት በሽታ ይከላከላል በሚል ዘወትር በውሃ ውስጥ የሚሰጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት መፍትሔ አይሆንም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ጨርሶ ሳያጠፋ ቁጥሩን ሊቀንሰውና በምርመራ እንዳይገኝ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያም በላይ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንዲበረክቱ ያደርጋል፤ ቅሪቱም በእንቁላልና በሥጋ ውስጥ ይቆያል።

ከናሙና እስከ ውጤት

ለሳልሞኔላ ምርመራ በብዙ አገሮች የሚሠራበት አይ.ኤስ.ኦ 6579 የተባለው ዓለም አቀፍ ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ቀን 25 ግራም ሥጋ ወይም የአንገት ቆዳ 225 ሚሊ ሊትር በሚሆን ማበልጸጊያ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመርና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ18 ሰዓት ያህል ይቆያል። በቅዝቃዜና በድርቀት የተዳከሙት ጥቂት ባክቴሪያዎች በዚህ ጊዜ አገግመው ይባዛሉ። በሁለተኛው ቀን ከዚያ ላይ ጥቂት ተወስዶ ሌሎችን የሚያፍን፣ ለሳልሞኔላ ግን የሚስማማ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን በሳህን ላይ በረጋ ማብቀያ ይዘራል፤ በማግስቱም በአንዱ ማብቀያ ላይ መሐላቸው ጥቁር የሆኑ ነጠብጣቦች ከበቀሉ ሳልሞኔላ ይጠረጠራል። ማረጋገጫውና ዓይነቱን መለየቱ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። በአጠቃላይ ነጻ ውጤት በሦስትና በአራት ቀን፣ አዎንታዊ ውጤት ደግሞ በአምስት ቀን ገደማ ይደርሳል።

ፒ.ሲ.አር የተባለው የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልግ ዘዴ ጊዜውን ወደ አንድና ሁለት ቀን ያሳጥረዋል። እርሱም ቢሆን በመጀመሪያ ባክቴሪያው እንዲባዛ ጊዜ ይፈልጋል። ካምፒሎባክተር ደግሞ ኦክስጅን ሲበዛበት የሚሞት በመሆኑ አነስተኛ ኦክስጅን ባለበት ዕቃ ውስጥ፣ በ41.5 ዲግሪ ሙቀት ለሁለት ቀን ያህል መቆየት አለበት። ይህን ለማድረግ የተለየ መሣሪያና ግብዓት ያስፈልጋል።

ከነዚህ ይልቅ ርካሽና ቀላል የሆነው የኢ. ኮላይ ቆጠራ ነው። ውጤቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ኢ. ኮላይ በአንጀት ውስጥ የሚኖር በመሆኑ በሥጋ ላይ በብዛት መገኘቱ የሆድ ዕቃ ይዘት ወይም ኩስ ሥጋውን መንካቱን ያሳያል። ሳልሞኔላ አለ ወይም የለም አይልም፤ የእርድና የአያያዝ ንጽሕና እንዴት እንደሆነ ግን ይናገራል። አቅሙ ውስን ለሆነ አካባቢ ጥሩ መጀመሪያ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራ በላቦራቶሪ ከመጀመሩ በፊት መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። የሥጋ ናሙና በንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ሳይበረድ ግን ሳይሞቅ፣ ከ1 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተይዞ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ ይኖርበታል። ከቀዘቀዘ ማሸጊያ ውጭ በሕዝብ ማመላለሻ ግማሽ ቀን የተጓዘ ናሙና የሚሰጠው ውጤት በሱቁ የነበረውን አይገልጽም። በጉዞው ኢ. ኮላይ ይራባል፤ ካምፒሎባክተር ይሞታል። ወረዳዎች ለክትባት ማጓጓዣ የሚጠቀሙበት የበረዶ ሳጥን ለዚህም ይሠራል፤ በረዶው ናሙናውን በቀጥታ እንዳይነካው መጠንቀቅ ብቻ ያሻል።

“አልተገኘም” ሲባል

ለተቆጣጣሪዎችና ለኃላፊዎች አሳሳች የሚሆነው ነጻ ውጤት ነው። ከብዙ ሺህ የታረዱ ዶሮዎች መካከል ከአሥሩ አንዷ ሳልሞኔላ ተሸክማለች እንበል። ተቆጣጣሪው አምስት ዶሮ ብቻ ናሙና ቢወስድ አምስቱም ነጻ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል 59 በመቶ ነው። ማለትም ብክለቱ እያለ ከግማሽ በላይ በሚሆን ዕድል “አልተገኘም” የሚል ወረቀት ይወጣል። ቢያንስ አንዷን የማግኘት ዕድሉን 95 በመቶ ለማድረስ 29 ናሙና ያስፈልጋል። ተሸካሚዋ ከሃያ አንዷ ከሆነች ደግሞ ቁጥሩ ወደ 59 ከፍ ይላል። ይህን ያህል ናሙና ከየሱቁ መሰብሰብ ለአንድ ወረዳ የሚቻል አይደለም።

መንጋውን መመርመር ግን ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት የሥጋ ዶሮ አርቢዎች ዶሮዎቹ ከመታረዳቸው በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ መንጋቸውን ለሳልሞኔላ ማስመርመር ይጠበቅባቸዋል። እንቁላል ጣዮች ደግሞ በየ15 ሳምንቱ ይመረመራሉ። ናሙና አወሳሰዱ ቀላል ነው። ባለሙያው ወይም አርቢው በጫማው ላይ ንጹሕ የፕላስቲክ ሽፋን ያጠልቅና በላዩ እርጥብ ካልሲ መሰል ጨርቅ ያደርጋል፤ ከዚያም ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ይራመዳል። ጨርቁ በጉዝጓዙ ላይ ያለውን ኩስ ይሰበስባል። ቢያንስ ሁለት ጥንድ እንዲህ ያለ ናሙና የብዙ ሺህ ዶሮዎችን ኩስ በአንድ ጊዜ ይወክላል። በቆጥ ሣጥን ለሚረቡ እንቁላል ጣዮች ደግሞ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ 150 ግራም ኩስ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል።

ጥቅሙ በወጪ ብቻ አይለካም። በሱቅ የተገኘ ብክለት ውጤቱ ሲደርስ ሥጋው ከተበላ ቀናት አልፈውታል። በመንጋው ላይ የተገኘ ብክለት ግን ዶሮዎቹ ሳይታረዱ ይታወቃል፤ ያ መንጋ በመጨረሻ እንዲታረድ፣ ሥጋውም በሚገባ እንዲበስል ወደሚደረግበት ቦታ እንዲሄድና ቤቱ ቀጣዩ ጫጩት ሳይገባ ታጥቦ እንዲቆይ ለማድረግ ጊዜ አለ። “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” እንደሚባለው ነው።

ብሪታንያ የከፈለችው ዋጋ

የምርመራና የመዝገብ ሥርዓት በሌለበት የሚደርሰውን ኪሳራ የብሪታንያ እንቁላል አምራቾች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በወቅቱ የጤና ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ኤድዊና ከሪ አብዛኛው የአገሪቱ እንቁላል ምርት በሳልሞኔላ ተጠቅቷል ሲሉ ተናገሩ። የእንቁላል ሽያጭ ወዲያው አሽቆለቆለ። ሚኒስትሯ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ገበያው ግን በስንብታቸው አልተመለሰም። ጉዳቱ ንጹሑንም የተበከለውንም አምራች እኩል መታ። ሸማቹ የትኛው እንቁላል ከየት እንደመጣ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም።

አምራቾቹ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዶሮዎቻቸውን በሳልሞኔላ ላይ መከተብና በየእንቁላሉ ላይ የአንበሳ ምልክት፣ የማርቢያውን መለያ ቁጥርና የመጠቀሚያ ጊዜውን ማተም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይህ ምልክት ያለበትን እንቁላል በደንብ ሳይበስልም ሊመገቡት ይችላሉ ሲል ምክሩን ለወጠ። በአንድ ንግግር የፈረሰ አመኔታ እስኪመለስ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው።

ይኸው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2014 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ከሱቆች ከ4 ሺህ በላይ ትኩስ ዶሮዎችን ገዝቶ ለካምፒሎባክተር አስመረመረ። ከመቶው 73ቱ ባክቴሪያው ተገኘባቸው። በ19 በመቶዎቹ ላይ ደግሞ መጠኑ በአንድ ግራም ከ1 ሺህ በላይ ነበር። ኤጀንሲው ውጤቱን የታላላቅ የገበያ መደብሮችን ስም እየጠቀሰ አወጣ። መደብሮቹ አቅራቢዎቻቸውን ጠየቁ፤ አቅራቢዎቹ ማርቢያዎቻቸውንና ቄራዎቻቸውን ፈተሹ፤ በብዛት የሚበከልን የአንገት ቆዳ አስወግዶ መሸጥ ተለመደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ብክለት ያለባቸው ዶሮዎች ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። ለውጡን ያመጣው ምርመራው ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ዶሮ ከየትኛው መደብር፣ ከየትኛው ቄራና ከየትኛው ማርቢያ እንደመጣ ስለሚታወቅ ውጤቱ የሚጠየቅ ሰው ነበረው።

መዝገብ የሌለው ውጤት

በአገራችን የሚሸጠው ዶሮ አብዛኛው በሕይወት ነው የሚሸጠው። ሰብሳቢው ከየቀበሌው ገዝቶ በአንድ ቅርጫት ይቀላቅላል፤ ከተማ ያለው ነጋዴ ከብዙ ሰብሳቢ ይረከባል። አርዶ የሚሸጠው ሱቅም በአንድ ቢላዋና በአንድ የላባ መንከሪያ ውሃ ብዙ ዶሮ ያዘጋጃል። መንከሪያው ውሃ ባለመቀየሩ የአንዷ ኩስ ለሌሎቹ ይዳረሳል፤ ሆድ ዕቃ ሲወጣ አንጀት ከተቀደደም ሥጋው ይበከላል። እንዲህ ባለ ሱቅ ሳልሞኔላ ቢገኝ ከማርቢያው ይምጣ፣ ከቅርጫቱ ወይም ከቢላዋው ማን ያውቃል? ነጋዴው ወደ አርቢው ይጠቁማል፤ አርቢው ወደ ነጋዴው።

አርቢው መዝገብ መያዝ ያለበት ለመንግሥት ሪፖርት ብቻ ተብሎ አይደለም። ጫጩቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ክትባትና መድኃኒት መቼ እንደተሰጠ፣ ስንት ዶሮ በየትኛው ቀን ለማን እንደተሸጠ የሚገልጽ አንድ ደብተር ያለው አርቢ በሱቅ ችግር ሲገኝ የራሱን መንጋ ነጥሎ ማሳየት ይችላል። በመንጋው ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ዓይነት በሱቅ ከተገኘው የተለየ ከሆነም ራሱን ነጻ ያወጣል። ደብተር የሌለው ግን ከሌሎች ጋር ተደምሮ ይጠየቃል።

በወረዳ ደረጃ ያለው ክፍተት ሌላ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መንጋውን ያያል። የጤና ተቆጣጣሪው ምግብ ቤቱንና ሱቁን ያያል። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃዱን ያያል። ዶሮዋ ግን በሦስቱም እጅ ታልፋለች። ጤና ጣቢያ የተመዘገበ የተቅማጥ ወረርሽኝ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው ጠረጴዛ ካልደረሰ፣ በመንጋ ላይ የተገኘ ውጤትም ወደ ሱቁ ተቆጣጣሪ ካልሄደ ሁሉም የየራሱን ሥራ ሠርቶ ችግሩ ይቀጥላል። ሳልሞኔላ ከተበላ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን፣ ካምፒሎባክተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ስለሚያሳምም ታማሚው ራሱ ከበላው ዶሮ ጋር አያያይዘውም። ማያያዝ ያለባቸው መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው።

ሦስቱ ጽሕፈት ቤቶች ትልቅ በጀት ሳይጠብቁ አብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። ለከተማ የሚያቀርቡ ማርቢያዎችንና አርደው የሚሸጡ ሱቆችን በአንድ ዝርዝር መያዝ የመጀመሪያው ነው። ከበዓላት በፊት፣ ገበያው ከመጨናነቁ ቀደም ብሎ፣ ከትልልቆቹ ማርቢያዎች የኩስ ናሙና፣ ከሱቆቹ ደግሞ ለኢ. ኮላይ ቆጠራ የሚሆን ናሙና ወስዶ ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ ካሉት የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪዎች ጋር ቀኑን አስቀድሞ መነጋገር ይከተላል። ላቦራቶሪው የማይጠብቀው ናሙና ዓርብ ከሰዓት ቢደርስ ሰኞ ድረስ ሊቀመጥ ይችላል። ናሙናው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የማርቢያው መለያና በሚወሰድበት ጊዜ የነበረው ሙቀት ካልተጻፈ ውጤቱ ወደ ማንም አይመለስም።

ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ

ከማርቢያው በር ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉ፣ ውጤት የማያስጠብቁ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ጫጩት ከታወቀና ከሚታመን ማባዣ መረከብ፤ ለቤቱ ብቻ የሚሆን ጫማ በር ላይ ማስቀመጥ፤ አይጥን መከላከልና መኖ ክፍት አለመተው፤ አንዱ መንጋ ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ጉዝጓዙን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ቤቱን አጥቦ ማድረቅ። በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚመረተውን የዶሮ ታይፎይድ ክትባት በባለሙያ ምክር ማሰጠትም የመንጋውን ጤና ይጠብቃል። የሚታረዱ ዶሮዎችን ከእርዱ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውሃ ብቻ እየሰጡ ከመኖ ማራቅ አንጀታቸው ባዶ እንዲሆንና ሲወጣ እንዳይቀደድ ይረዳል።

እንቁላል የቆሸሸ ሲሆን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ጉዳት አለው። ቀዝቃዛው ውሃ የእንቁላሉን ውስጥ ሲያኮማትረው በቅርፊቱ ላይ ያለው ባክቴሪያ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይሳባል። እንቁላል ንጹሕ ጉዝጓዝ ላይ እንዲጣል ማድረግ፣ ቶሎ ቶሎ መሰብሰብና የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይመረጣል።

ሱቁም በበኩሉ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ከ5 ዲግሪ በታች መጠበቅ፣ መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደቆየ መመዝገብ አለበት። በረዶ ሳልሞኔላን አይገድልም፤ እድገቱን ብቻ ያቆመዋል። ቀልጦ እንደገና የበረደ ሥጋ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባክቴሪያ ያራባ ሊሆን ይችላል።

በጓዳ ደግሞ የዶሮ ወጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ ሁለቱንም ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የሥጋው መሐል 70 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው። አደጋው ያለው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። አሥራ ሁለቱ ብልት በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሲታጠብ የሚረጨው ውሃ መክተፊያውን፣ ሰላጣውንና ዕቃውን ይነካል። ሎሚውም ባክቴሪያውን ጨርሶ አያጠፋውም። ማጠቡን መተው ለብዙዎች የማይታሰብ በመሆኑ አስተጣጠቡን ማስተካከል ይበጃል። በጥሬው የሚበላው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይከደን፤ ዶሮው ለብቻው በጎድጓዳ ዕቃ፣ ውሃ ሳይረጭ ይታጠብ፤ ከዚያ በኋላ እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ይታጠቡ። በምግብ ቤት የሚጠበስ ዶሮ አጥንቱ አጠገብ ቀይ ሆኖ ከቀረ ገና ያልበሰለ ሊሆን ይችላል።

የዶሮ ልማቱ ብዙ ወጣቶችን ሥራ አስይዟል፤ ብዙ ገበታም ላይ እንቁላል አድርሷል። ምርቱ በገፋ ቁጥር አመኔታውም አብሮ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ደግሞ ወረዳዎች የበዓል ገበያ እስኪደርስ ሳይጠብቁ የማርቢያዎቹን ዝርዝርና የአርቢዎቹን ደብተር ከወዲሁ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። ላቦራቶሪው የሚሰጠው ውጤት ጥቅም የሚኖረው የሚመለስበት በር ሲኖረው ነው።